ግማሽ ብየዳ

የአሸዋው ማዕበል ፀሐይዋን ሲውጣት ሹፌሩ ፍጥነት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ምላሱም መኪናውም ልጓም የላቸውም። የጭነት መኪናው ዘሎ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ገባና ከሥሩ አንድ ነገር ቋ ብሎ ተሰበረ። ከላይ ተደራርበው የተቀመጡት ስምንት ስደተኞች ተሽቀንጥረው ወደቁ። ሰባቱ አሸዋቸውን እያራገፉ ተነሡ። ስምንተኛው፣ አንድ ሽማግሌ መምህር ግን እግራቸው ተሰብሮ፣ ደማቸው እየፈሰሰ እዚያው ቀሩ።

ከሰባቱ አንዷ በያጅ ናት። ተንፏቃ ከመኪናው ሥር ገባች። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው የባሌስትራው ማሰሪያ ለሁለት ተገምሷል። በአገሯ ጋራዥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርታ ለአለቆቿ «እሺ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። የቀበሌ ሹሞች ቤቷን ሲያፈርሱባት እንኳ አፏን አልከፈተችም። በዚያ ዝምታዋ እስካሁን ታፍራለች።

ማምሻውን ነፋሱ ሲበርድ የደም ሽታ የሳባቸው ጅቦች ከበቧቸው። መንገደኞቹ የጎማ ቁራጭ እያቀጣጠሉ፣ ቆርቆሮ እየደበደቡ መለሷቸው። በያጇ የመኪናውን ሁለት ባትሪዎች አገናኝታ፣ ከሻንጣዋ ያወጣችውን ጥቁር የብየዳ መነጽሯን አድርጋ መበየድ ጀመረች።

ሹፌሩ ጎንበስ አለ። «ቶሎ በይ እንጂ። ሽማግሌው እዚሁ ይቀራል፤ የእሱን ጣጣ አልሸከምም።»

እጇ ቆመ። መነጽሯን አውልቃ ወጣችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ግማሹን በይጃለሁ። የቀረውን አባባ ሲሳፈሩ።»

ሹፌሩ ጩቤ መዘዘ። ፈርታለች፤ ከተቀመጠችበት ግን አልተነሣችም።

«ግደለኝና ራስህ በይደው» አለችው።

ስድስቱ መንገደኞች የሚነድ ጎማቸውን እንደያዙ አንድ በአንድ መጥተው ከጎኗ ቆሙ። ሹፌሩ እነሱንም ጨለማውንም አየና ጩቤውን ወደ አፎቱ መለሰ። መምህሩንም ተሸክሞ የጫናቸው ራሱ ነው፤ እያጉረመረመ። እሷም የቀረውን በይዳ ጨረሰች።

በማግስቱ ረፋድ የድንበሩ ኬላ በሩቁ ሲታይ አራግፏቸው ፈረጠጠ። መምህሩን በብርድ ልብስ አድርገው፣ እየተፈራረቁ ተሸክመው በሩ ላይ ደረሱ።

«ደህናዎቹ ተሰለፉ» አለ ጠባቂው። «በሽተኛው ይመለሳል።»

ሁሉም ወደ በያጇ ዞሩ።

«አይመለሱም» አለች።

«አባትሽ ናቸው?»

«አይደሉም። ሰው ናቸው። መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። ከዚያ የስምንታችንንም የጥገኝነት ጥያቄ ትመዘግባላችሁ። መብታችን ነው።»

ጠባቂው አፈጠጠባት። ዓይኗን አልሰበረችም። በመጨረሻ ፊቱን አዞረና «ቃሬዛ አምጡ» አለ።

በያጇ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዘች። አንገቷን ቀና አድርጋ ገባች።