ከሬንጁ በታች ያለው ቁጥር

መርማሪዋ ሐይቁ ዳርቻ ስትደርስ ጀልባዋን በክሪክ አንስተዋት ነበር። ሽማግሌው ከስሯ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ቀኝ እጁ እርሳስ እንደጨበጠ ቀርቷል። ደረቱ ላይ የተፋቀ ሬንጅ ተበትኗል። ቀና ብላ ስታይ፣ በተራቆተው እንጨት ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ፦ 3174።

ጀልባዋን ደግፎ ይዞ የነበረው ግንድ ተመትቶ ወልቋል፤ ጀልባዋም ሽማግሌው ላይ ወድቃ ገድላዋለች። ከግንዱ አጠገብ አንድ መዶሻ ወድቋል።

ሽማግሌው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የኖረው በዚህች ጀልባ ላይ ነው። ወረቀቷ ግን ከመዝገብ ቤት ጠፍቷል ተባለ፤ እስከ ነገ፣ እስከ ዓርብ፣ ካልተመዘገበች ትፈርሳለች። ወረቀት ለጠፋበት አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ ሠሪው የቀረጸውን ቁጥር ፈልጎ፣ ንጹህ ወረቀት አስደግፎ፣ በእርሳስ አሽቶ ቅጂውን ማቅረብ።

«እርሳሱ ይኸው፤ ወረቀቱስ?» አለች መርማሪዋ።

አየሁ ያለ አልነበረም።

ጀልባ ጠጋኙ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ቀረበ። «መዶሻው የኔ ነው፣ ልጄ። ሜዳ ላይ ነው የማሳድረው፤ ሌባ እንኳ ንቆት ያልፋል።»

«ጀልባዋ ብትፈርስ እንጨቱን የሚወስዱት እርስዎ ነበሩ አሉ።»

«ነበርኩ። እሱም ያውቃል። ባየኝ ቁጥር ‹ጅብ መጣ፣ ሬሳዬን ሊለካ› ይለኝ ነበር።» ሊስቅ ጀመረና ተወው። «አሁን ማን ይስደበኝ?»

የሽማግሌው ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የምትኖረው ከተማ ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው፤ እሷም ብቻዋን።

«ከኔ ጋር ና ብዬ ስንቴ ለመንኩት። ‹እናትሽን ለማን ጥዬ› ይለኛል። እሁድ ዕለት ተናድጄ ‹ትፍረስና ልገላገል!› አልኩት። ሰው ሁሉ ሰምቶኛል።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጀልባዋ ብቻ ናት የቀረችኝ። እሷም እስከ ነገ።»

መዝገብ ቤቱ ጥርት ያለ፣ ጭር ያለ ክፍል ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ። መርማሪዋ የራሷን ቤት ያየች መሰላትና ዓይኗን ከብርጭቆው አነሳች።

«ሽማግሌው ከሰኞ ወዲህ እዚህ አልመጣም» አለ መዝጋቢው። «እኔም ወደ ዳርቻው ወርጄ አላውቅም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ወረቀት ያምጡ፣ እመዘግባለሁ።»

እያወራ ከኪሱ የተጨማደደ የአውቶቡስ ቲኬት አወጣ፤ በመዳፉ አቃንቶ፣ በመብሻ በስቶ አቃፊ ውስጥ አስገባው።

«ቲኬትም ያስቀምጣሉ?»

«ወረቀት አይጣልም።»

መርማሪዋ የቀድሞውን መዝገብ አስወጥታ ለረጅም ጊዜ አገላበጠች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ቅጂውን ወስዷል» ብላ ጀመረች። «ልጅቱ ብትሆን ኖሮ በሩጫ አምጥታ ታስመዘግብበት ነበር፤ ያለሱ ጀልባዋን አታገኝም። ጋሼ፣ እርስዎ ያን ቁጥር ማጥፋት ቢፈልጉ ምን ያደርጋሉ?»

«በመላጊያ ሁለቴ ሳብ ነዋ!» አለ ጠጋኙ። «እንጨቱ ተቀምጦ ወረቀት መስረቅ የምን ጅልነት ነው?»

«ወረቀቱ ከጠፋ ነገሩም ጠፋ ብሎ የሚያምን ሰው ጅልነት ነው።»

መዝጋቢው ብዕሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለ።

«3174 ከስምንት ዓመት በፊት ለሌላ ጀልባ ተሰጥቷል፤ በእርስዎ ፊርማ» አለችው። «የሽማግሌው ወረቀት አልጠፋም። የተሰረቀ ጀልባ ለያዘ ሰው ሸጡት። ቁጥሩ ዛሬ ከሬንጁ ስር ሲወጣ እርስዎም አብረው ሊወጡ ሆነ።»

«ማስረጃ ያምጡ።»

«የሽማግሌውን ፋይል ይክፈቱልኝ።»

አልተንቀሳቀሰም። ልጅቱ ተነስታ ከመደርደሪያው አወረደችው። ከወረቀቶቹ ሁሉ ላይ፣ ጥጉ ላይ የሬንጅ አሻራ ያለበት የእርሳስ ቅጂ ነበር፤ ሁለት ቦታ ተበስቶ፣ «ገቢ ሆኗል» የሚል የዛሬ ማህተም ተመትቶበት።

«ልቀደው ነበር» አለ መዝጋቢው እጁን እያየ። «ሃያ ስድስት ዓመት... እምቢ አለኝ።»

«ቅጂውን ከሰጠዎት በኋላ እንዴት መልሶ ከስሯ ገባ?» አለች መርማሪዋ።

«‹አንዷ ቁጥር ደብዝዛለች፣ ገብተህ አንብብልኝ› አልኩት። እያነበበልኝ ነበር።»

መርማሪዋ በር ላይ የቆሙትን ፖሊሶች ጠራች። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ ነው የሄደው።

ልጅቱ ቅጂውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። መርማሪዋ እጇን ዘረጋች። «ይሄ ለፍርድ ቤት ነው።»

«ታዲያ እኔ ነገ ምን ይዤ ልቅረብ?»

መርማሪዋ ከጠረጴዛው ላይ ንጹህ ወረቀት አነሳችላት።

ሦስቱም ወደ ዳርቻው ወረዱ። ልጅቱ አባቷ በተኛበት ቦታ በጀርባዋ ተኝታ ገባች። ጠጋኙ ጀልባዋን ከደገፉት ግንዶች አንዱን፣ መርማሪዋ ሌላውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ቆሙ። የእርሳሱ ድምፅ ጥቂት ተሰምቶ ቆመ፤ ልጅቱ ግን አልወጣችም።

«ልጄ፣ እናግዛት እንዴ?» አለ ጠጋኙ በሹክሹክታ።

«ትቆይ» አለች መርማሪዋ፤ ግንዱንም ይበልጥ አጥብቃ አቀፈችው።