የተሰጠው መኪና ሁለተኛ ቁልፍ

የቡታጅራው የበርበሬ ነጋዴ ሐጂ ሙሀመድአወል ከመሞታቸው አንድ ክረምት በፊት፣ ቡታጅራን ከአገና በሚለየው ተራራ ላይ፣ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው የሚወርዱ ሰዎችን አገኙ። ሴትዮዋን በላንድክሩዘራቸው የቆዳ ወንበር ላይ አስተኟት፤ ሕፃኑም እዚያው ተወለደ። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናው የራሳቸው መስሎ አልታያቸውም። በመጨረሻም፣ በአገና ወላዶችን ወደ ሐኪም ቤት ለሚያደርስ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሰደቃ ይሁን ብለው ተናዘዙ።

ኑዛዜውን መፈጸም የልጃቸው የራምዚ ፈንታ ሆነ። ሊነሳ ሲል እናቱ ወይዘሮ ሃሊማ ከደጅ ቆመው፣

«ልጄ፣ ሰደቃ የሰጠ ሰው ዞሮ አያይም» አሉት። «ዞሮ ያየ፣ ልቡን እዚያው ትቶ መጥቷል።»

«እሺ እማ።»

ተራራው ጉም ለብሶ ነበር። የእንሰቱ ቅጠል ከጉሙ ውስጥ እየወጣ፣ ተመልሶ እየሰጠመ፣ መንገዱ ሕልም እንጂ መንገድ አይመስልም ነበር።

በአገና ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉ። ቁልፉን የተቀበለችው የማኅበሩ አዋላጅ ነርስ፣ የወልቂጤዋ ልጅ ዘይባ ነበረች። በሁለት እጇ ተቀበለችና፣ ቁልፉ የሞቀ ነገር ይመስል፣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ራምዚ እስከ ግቢው በር ድረስ ሄደ። የእናቱ ቃል ትዝ አለው፤ ሆኖም ዞረ። ዘይባ ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ጭንቅላቷን አስደግፋ፣ ዓይኖቿን ከድና ተቀምጣ ነበር። ስትገልጣቸው የራምዚን ዓይን አገኘች።

«ሰጥቶ ቆጨው» ስትል አሰበች።

በሳምንቱ ሁለተኛው ቁልፍ በአባቱ ካፖርት ኪስ ውስጥ ተገኘ። ራምዚ ሊያደርሰው በሚኒባስ ተራራውን ተሻገረ። የማኅበሩ ሹፌር ግሩም መኪናውን ሲያጥብ ደረሰ።

«ባለመኪናው መጡ» አለ ግሩም። «አይሥጉ፣ ልጅዎ ደህና ነው። ይኸው ገላውን እየታጠበ ነው።»

ዘይባ ድምፅ ሰምታ ወጣች። «ምን እግር ጣለዎት?»

እጁ በኪሱ ውስጥ ቁልፉን ነካ። ይህን ከሰጠ ዳግመኛ መምጫ ምክንያት አይኖረውም።

«በዚህ ሳልፍ ነው።»

«የእኛ ግቢ መንገድ ወዴትም አያልፍም» አለችው።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን መጣ። በእንሰቱ ጥግ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ጥቂት ያወራሉ፤ ብዙ ዝም ይላሉ። ዘይባ ዝምታውን ወደደችው። ነገር ግን ይህ ሰው የሚመጣው መኪናውን ሊያይ ነው እያለች ልቧን ታስር ነበር።

በነሐሴ አንድ ቀን ግሩም ቃሬዛ ተሸክሞ ጅረት ሲሻገር ቁልፉን ጎርፍ ወሰደበት። ምጥ የያዛት ሴት ከተቆለፈው መኪና አጠገብ ተኝታ ስታቃስት፣ ዘይባ ለራምዚ ደወለች።

«ሌላ ቁልፍ ይኖራል?»

ራምዚ በአገና ገበያ መካከል ነበር። በአሥር ደቂቃ ውስጥ በዝናቡ እየሮጠ ደረሰ፤ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለግሩም ሰጠና አብሮ ተሳፈረ። ሴትዮዋ ወልቂጤ ሆስፒታል ገብታ በሰላም ተገላገለች።

ዘይባ ከሆስፒታሉ በር ላይ አገኘችው።

«ከቡታጅራ በአሥር ደቂቃ አይደረስም» አለች። «ቁልፉ ከእርስዎ ዘንድ ስንት ጊዜ ተቀመጠ?»

«ሦስት ወር።»

«መኪናው ይህን ያህል አሳሳዎት?»

«የዚያን ቀን ዞሬ ያየሁት መኪናውን አልነበረም» አለ። «ቁልፉን ከሰጠሁ አንቺን የማይበት ምክንያት አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።»



«ያቺ ሴት ብትሞት ኖሮ፣ ይህን ቃል በየትኛው ጆሮዬ እሰማው ነበር?» አለች ዘይባ።

እጇን ወደ መንገዱ ዘረጋች።

«አሁን ይሂዱ። ዞረው እንዳያዩ።»

በባጃጆቹ መካከል አስፋልቱን ይዞ ወረደ። አንገቱ እንደ ድንጋይ ከብዶት ነበር፤ ግን አልዞረም። እርሷም ከዓይኗ እስኪሰወር ቆማ አየችው።

ሁለት ወር ሙሉ አልመጣም። በገበያ ቀን የዘይባ ዓይን ሳታዘው ወደ በሩ ይሄድ ጀመር።

«ሰውየው መኪናውን ረሱት መሰለኝ» አለ ግሩም።

«ይርሱት» አለች፤ ድምፅዋ ግን የራሷ አልመሰላትም።

በጥቅምት አንዲት እናት ቡታጅራ አድርሰው ሲመለሱ ዘይባ፣ «ግሩሜ፣ በበርበሬ ተራ በኩል ንዳ» አለችው። ራምዚ በአባቱ መደብር ውስጥ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ በርበሬ ይለቅም ነበር። የሞተሩን ድምፅ ለየው። እጆቹ በበርበሬው ላይ ቆሙ፤ አልዞረም።

«ራምዚ» አለችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ። «ሰደቃው መኪናው ነው። እኔን ግን እስካሁን ማንም ለማንም አልሰጠኝም። ዞረህ ብታየኝ ነውር የለውም።»

ዞረ።

ሽማግሌዎች ወደ ወልቂጤ ተላኩ፤ ኒካሁም ታሰረ። ዘመድ ሁሉ ሙሽራዋ በዚያ መኪና ትሂድ ቢል ዘይባ አልፈቀደችም፤ ያን ቀንም ተራራው ላይ የምትጠብቀው ሴት ነበረች። ሙሽሮቹ በኪራይ ሚኒባስ ሊሳፈሩ ሲወጡ መኪናው መብራቱን አብርቶ ዋናውን መንገድ እየሰነጠቀ አለፈ። ግሩም ጥሩምባውን ረዥም አድርጎ ነፋ። አጃቢው ሁሉ ዞሮ አየ።

ሁለቱ ብቻ አልዞሩም፤ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር።