የእማሆይ ወለተ ኢየሱስ ቪዛ

ሰኞ ማለዳ ልብስ ሊያጥቡ ከቢቸና ቁልቁል የወረዱ ሴቶች እማሆይ ወለተ ኢየሱስን የወንዙ መሻገሪያ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው አገኟቸው። ወሩ የመጋቢት ማለቂያ፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ነበር። በዚያ ወራት ያ ወንዝ ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ጥጃ እንኳ አያሰጥምም። ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ አገር ምድሩን የተሰናበቱት አሮጊት ግን ሞተውበታል። ጓዛቸው ተጠቅልሎ ከዳር፣ አንድ ድንጋይ ላይ በወግ ተቀምጧል።

የቢቸናው ፖሊስ መቶ አለቃ አካለ ወልድ ሲደርስ ከተማው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ገሚሱ ናፍቆት አላስችል ብሏቸው ብቻቸውን ሲገሠግሡ ወደቁ ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ ያቺ ያሳደጓት ልጅ ናት የገደለቻቸው ይላል። አካለ ወልድ ሁለቱንም ሰምቶ ጫማውን አወለቀና ውሃው ውስጥ ገባ። ከኮንጎ ዘመቻ ይዞ የተመለሰው ሀብት የጨጓራ ሕመምና ጥቂት ፈረንጅኛ ነው እያሉ ያሙት ነበር። ሐሜቱ እውነት ነው፤ ሰውየው ግን ማየት ያውቅበታል።

እማሆይ የተደፉት በፊታቸው ነው፤ የተመቱት ግን ማጅራታቸው ላይ ነው። ነጠላቸውን እንደ መንገደኛ ወገባቸው ላይ አላሰሩትም፤ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍኖ ከኋላ ተቋጥሯል። አንገታቸው ላይ ከተንጠለጠለው የቆዳ ከረጢት በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ ፓስፖርት ወጣ። አካለ ወልድ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ቪዛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ማኅተሙን ደጋግሞ አነበበና ኪሱ ከተተው።

እማሆይ የሞጣ ሰው ናቸው። ባላቸው ሲሞት መነኮሱ፤ ከመነኮሱ ጀምሮ ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ጎልጎታን ስመው እዚያው መሞት። ጎልጎታ ግን እንደ ጥንቱ በእግርና በጸሎት ብቻ የሚደረስበት መሆኑ ቀርቷል። ፓስፖርት ይጠይቃል፤ ፓስፖርቱ ዋስ ይጠይቃል፤ ከአገር ለመውጣት ፈቃድ፣ ለመግባት ቪዛ፣ ለቪዛው ፎቶግራፍ፣ ለጤና ደግሞ የክትባት ቢጫ ካርድ ያስፈልጋል። በዕድሜያቸው ፎቶ ተነሥተው የማያውቁት እማሆይ ጆሮዎ ይታይ ተብለው ቆባቸውን ወደ ኋላ ሲገፉ አልቅሰዋል ይባላል። ይህን ሁሉ ደጅ የጠናላቸው የወንድማቸው ልጅ ይግዛው ነው። ይግዛው በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው፤ እንግሊዝኛ ያነባል፤ ማንበቡንም የማያውቅ ሰው ቢቸና ውስጥ የለም።

ጾም ከመግባቱ በፊት እማሆይ ሞጣ ላይ ተዝካራቸውን በቁማቸው አወጡ። ቤታቸውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጡ። ሰዉ ጉልበታቸውን እየሳመ የሙታኑን ስመ ክርስትና ነገራቸው፤ በጌታ መቃብር ላይ ይጥሩልን ብሎ። እንዲህ ተሸኝቶ ከመንገድ የሚመለስ ሰው ለሞጣ የዓመት መሳቂያ ነው። ከልጅነቷ ያሳደጓት ባንቺዓለም አብራቸው ቢቸና ድረስ መጥታ ሁለቱም ይግዛው ቤት ሰነበቱ። ለእርሷ ዋስ የሚሆን ስላልተገኘ ፓስፖርት አላገኘችም፤ እማሆይ ሲሄዱ ይግዛው ቤት እንድትቀር ተነጋግረው ነበር።

አሁን ግን ባንቺዓለም ፖሊስ ጣቢያ ታስራለች። የአካለ ወልድ አለቃ ረቡዕ በሚነሣው መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ትላክ ብሎ አዟል። እዚያ ከተላከች ማን ይጠይቃታል? ዘመድ የላት፣ ጠበቃ የላት። በነፍስ ግድያ የተከሰሰ ሰው መጨረሻው ደግሞ ይታወቃል።

«ቅዳሜ ዕለት ምን ብለሽ ነው ጎረቤት የሰማሽ?» አላት አካለ ወልድ።

«ጥለውኝ ከሚሄዱ እዚሁ ቢሞቱልኝ ይሻላል አልኩ።»

«ብለሻል?»

«ብያለሁ። አልክድም።»

አካለ ወልድ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ሐሰተኛ እንዲህ አይመልስም ብሎ አሰበ፤ ዳኛ ግን እንዲህ እንደማያስብም ያውቃል። የእሑድን ውሎ አንድ በአንድ ጠየቃት። እርሷም እያለቀሰች ነገረችው። ጠዋት ከእማሆይ ጋር አስቀድሰዋል፤ እማሆይ ቆርበዋል። ቤት አድርሳቸው ልብስ ልታጥብ ምንጭ ወረደች። ማምሻውን ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነበር፤ የመንገድ ጸሎት ሊያደርሱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው እዚያው ያደሩ መሰላት። ጓዙ መኖር አለመኖሩን ልብ አላለችም።

«የአንገታቸው ከረጢትስ? ፓስፖርቱ ነበረበት?»

«ኧረ ባዶ ነበር። ይግዛው ቅዳሜ ወስዶት፣ ጠዋት ስንወጣ እንኳ ‹ገና አልመለሰልኝም› እያሉ ይጨነቁ ነበር።» ቀና ብላ አየችው። «ይፈቱኛል፣ ጌታዬ?»

አካለ ወልድ ቃል የመስጠት ልማድ አልነበረውም። ውሃ ስጧት ብሎ ወጣ።

የእማሆይ የባላቸው ወንድም መሪጌታ ሣህለ ማርያም ሁለተኛው የሚጠረጠሩ ሰው ነበሩ። ከሞጣ በበቅሎ መጥተው፣ «የመነኩሴ ኢየሩሳሌሟ በዓቷ ነው» ብለው ቅዳሜ ሰው ፊት ጮኸውባቸዋል። መሪጌታ አልካዱም። ማታውኑ ግን ታርቀዋል፤ እርሳቸው እግር ሊስሙ ሲያጎነብሱ እማሆይ አንሥተዋቸዋል። እሑድ ማሕሌቱን የመሩት እርሳቸው ናቸው፤ እማሆይ ሥጋ ወደሙን ሲቀበሉ በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከቅኔ መምህሩና ከተማሪዎቹ ጋር ደጀ ሰላም ተቀምጠዋል፤ ምስክሩ አንድ ጉባኤ ሙሉ ነው።

ሦስተኛው እማሆይን የከተባቸው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ኑርሁሴን ነበር። የወሎ ሰው ነው፤ ከተማው መርፌው ነው የገደላቸው እያለ ስላጉረመረመበት በሩን ዘግቶ አገኘው። የእማሆይ የክትባት ቁስል ከደረቀ ሰንብቷል፤ አካለ ወልድም ክንዳቸው ላይ ጠባሳውን አይቷል። የፈለገው ሌላ ነገር ነው።

«ቢጫ ካርዱን ማን ወሰደ?»

«ይግዛው። ቅዳሜ ቀትር ላይ መጣ፤ ፓስፖርቱንም ይዟል። ካርዱ ላይ የጻፍኩትን ቀን አይቶ ‹ይሄ ምንድን ነው፣ ተሳስተሃል› አለኝ። አልተሳሳትኩም፤ የውጭ አገር ወረቀት በፈረንጅ ቀን ነው የሚጻፈው አልኩት። ፓስፖርቱን ገለጠና ካርዱን ከጎኑ አድርጎ አየ። ከዚያ ቁጭ አለ። ውሃ ሳቀርብለት ሳይቀምስ ወጣ።»

«ለሰው ነግረሃል?»

«ማን ይሰማኛል ብዬ?»

ይግዛው ቤት ለቅሶ ነው። ይግዛው ፊቱ አብጧል፤ ድምፁ ተዘግቷል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዘመድ ሊሰናበትላቸው ወደ ደብረ ወርቅ ወጥቶ፣ እሑድ ከመሸ በኋላ እንደተመለሰ ተናገረ። ሲመለስ እማሆይ የሉም፤ እርሱም እንደ ባንቺዓለም ቤተ ክርስቲያን ያደሩ መስሎት ተኛ። የሰኞውን መኪና መቀመጫ አስይዞላቸው ነበር።

«ቪዛቸው ጊዜው ይበቃቸው ነበር?» አለው አካለ ወልድ።

«እስከ ሚያዝያ አምስት ነው። ተመቻችተው ይደርሱ ነበር» አለና ይግዛው ፊቱን ሸፈነ።

ማክሰኞ፣ እማሆይ በተቀበሩ በማግስቱ፣ አካለ ወልድ አራቱንም ይግዛው ቤት ሰበሰባቸው። ለቀስተኛውን ለጊዜው ውጡልን አለ። ባንቺዓለም በፖሊስ ታጅባ መጥታ ጥግ ላይ ቆመች። መሪጌታ መደብ ላይ ተቀመጡ፤ ኑርሁሴን ከበሩ አልራቀም። ይግዛው ጥቁር ለብሶ መሐል ነበር።

«አላንዛዛባችሁም» አለ አካለ ወልድ። «እማሆይ በፊታቸው ተደፍተው፣ ማጅራታቸው ተመትቶ ነው የተገኙት። ወንዝ ሲሻገር በግንባሩ የወደቀ ሰው ግንባሩ ይፈነከታል እንጂ ማጅራቱ አይፈነከትም። ስለዚህ እዚያ ወድቀው አልሞቱም። ይህ አንድ ነው።» ወደ መሪጌታ ዞረ። «መሪጌታ፣ የቆረበ ሰው በዚያው ዕለት መንገድ ይሄዳል?»

«አይሄድም። ወንዝም አይሻገርም። ሥርዓት ነው።»

«እማሆይ ሥርዓት ያፈርሱ ነበር?»

«ከሚያፈርሱ ይሞታሉ» አሉ መሪጌታ፤ ያሉት ነገር መልሶ ራሳቸውን አስደነገጣቸው።

«ነጠላቸውም እንደ ቆራቢ አፋቸውን እንደሸፈነ ነበር፤ እንግዲህ በእግራቸው ወንዝ አልወረዱም። በድን ሆነው ነው የተወሰዱት። ወንዝ ዳር ወስዶ መንገደኛ ያስመሰላቸው ሰው፣ ጠዋት መቁረባቸውን አያውቅም ነበር። ቢያውቅ ኖሮ መቁረባቸውን ያየ ሕፃን እንኳ የማያምነውን ተረት አይፈጥርም። ባንቺዓለም አብራቸው አስቀድሳለች፤ ታውቃለች። እርስዎ መሪጌታ ሲቆርቡ አይተዋል። የማያውቁት ኑርሁሴንና ይግዛው ናቸው።»

ኑርሁሴን ከበሩ ፈቀቅ አለ። አካለ ወልድ ግን ወደ እርሱ አላየም። ፓስፖርቱን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ይህ ፓስፖርት ቅዳሜ ቀትር ይግዛው እጅ ላይ ነበር። እሑድ ጠዋት የእማሆይ ከረጢት ባዶ ነበር። ሰኞ ማለዳ አንገታቸው ላይ አገኘሁት። ይግዛው፣ አንተ የተመለስከው እሑድ ከመሸ፣ እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው ብለሃል። ታዲያ ይህን አንገታቸው ላይ ማን አሰረው?»

ይግዛው ዓይኑን ከፓስፖርቱ ሳይነቅል ወደ ግድግዳው አፈገፈገ።

«ለምን እንደሆነም እነግራችኋለሁ። እኔ ኮንጎ ሳለሁ ደመወዝና ፈቃድ በፈረንጅ ቀን ስለነበር፣ ቀን ማምታታት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ቪዛው እስከ ኤፕሪል አምስት ይግቡበት ይላል። ኤፕሪልን ይግዛው ሚያዝያ ብሎ አነበበው። እንዲህ ብሎ የማያነብ የለም፤ እኔም አንድ ጊዜ አንብቤያለሁ። የፈረንጁ ኤፕሪል ግን ከእኛ ሚያዝያ ስምንት ቀን ቀድሞ ይገባል። ኤፕሪል አምስት መጋቢት ሃያ ሰባት ነው። ያለፈው ዐርብ፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት። እማሆይ ጓዛቸውን ሲጠቀልሉ ቪዛው ሞቶ ነበር፤ ይግዛውም ይህን ያወቀው ቅዳሜ ከኑርሁሴን ዘንድ ነው።»

ይግዛው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ ጸጥ ያለ ነበር፤ ሲያለቅስ ከከረመው ይልቅ አሁን እውነቱን ሲናገር የቀለለው ይመስላል።

«ደብረ ወርቅ አልደረስኩም። ሌሊቱን መንገድ ላይ በረት ውስጥ አድሬ እሑድ ቀትር ላይ ተመለስኩ። ብቻቸውን ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ይግዛው ያውቃል› ሲባል የኖርኩ ሰው፣ ቀን ማንበብ አልችልም ብዬ ምን አፍ ይኖረኛል? እግራቸው ላይ ወድቄ ነገርኳቸው። ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ዝም አሉኝ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ዝም። ሊያዩኝ የተጠየፉ መሰለኝ። ቢረግሙኝ እችለው ነበር። አንድ ቃል ይናገሩኝ ብዬ ትከሻቸውን ይዤ ነቀነቅኋቸው፤ ወደ ኋላ ሄዱና ወፍጮው ላይ ወደቁ። ከዚያ በቅሎ ጋጥ ውስጥ ሸሸግኋቸው፤ ሲመሽ ፓስፖርቱን አንገታቸው ላይ አድርጌ ከነጓዛቸው በበቅሎ ወንዝ ወሰድኋቸው።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «እማሆይ የቆረቡ ዕለት ፀሐይ እስክትጠልቅ ቃል አይወጣቸውም። ከመነኮሱ ጀምሮ ነው። ለመቁረብ ደግሞ ይቅር ያላሉት ሰው አልነበራቸውም፤ እኔን እንኳ ይቅር ብለው ነው የገቡት። ማታ ብትጠብቅ ይመልሱልህ ነበር።»

ይግዛው ይህን ሲሰማ ራሱን ደረቱ ላይ ደፋ። ከዚያ በኋላ ቀና አላለም።

ባንቺዓለም ከጥጓ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «ቀኑ ያለፈበት ቪዛ ምን ይደረጋል?»

አካለ ወልድ ባይመልስ ደስ ባለው ነበር። ሐሰት መናገርም አልሆነለትም።

«አዲስ አበባ ቆንስላው ዘንድ ይወሰዳል። ያድሱታል። ጠዋት የገባ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። ለፋሲካ ይደርሱ ነበር።»

ይግዛው ተነሥቶ እጁን ሳይጠየቅ ለፖሊሱ ሰጠ። ሲወጣ ውጭ የቆመው ለቀስተኛ መንገድ ለቀቀለት። መሪጌታ ተከትለው ወጡ፤ ኑርሁሴንም ሰላምታ ሳይሰጥ ሄደ።

አካለ ወልድ የባንቺዓለምን የእስር ትእዛዝ ቀደደው። በእርሷ በኩል የነበረው ጭንቀት አብቅቷል፤ ደብረ ማርቆስ አትላክም።

«ነጻ ነሽ፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አላት።

«የትኛው ቤቴ?» አለችው፤ በቁጣ አልነበረም፤ ደግማ ደጋግማ ራሷን የጠየቀችው ነገር ይመስላል።

የሞጣው ቤት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቷል። እዚያ ተመልሳ ብትሄድ ደግሞ እንዲሞቱ የተመኘችባቸው ልጅ መባሏ አይቀርም፤ የሰው አፍ የፖሊስ ወረቀት አያነብም። የተመደበላት ማደሪያ ይህ የቆመችበት ቤት ነበር፤ ከወፍጮው ጋር፣ ከበቅሎው ጋጥ ጋር። አካለ ወልድ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ባንቺዓለምም የምትሄድበት ስላልነበራት መደቡ ላይ ተቀመጠች።