አመዳይ የያዘው ሣር

ሟች በጎኑ ተጋድሟል፤ ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ፣ አፉ ወደ ሣሩ። የደረቀ ቅርንጫፍ ተጭኖታል። ከአጠገቡ አሮጌ ጥድ ቆሟል። ፀሐይ ገና ስላልደረሰችበት ጫካው በሙሉ ነጭ አመዳይ እንደለበሰ ነው። አስከሬኑን ያገኘው ታናሽ ወንድሙ ምንም አልነካሁም ብሎ ምሏል።

«ይሄን ጥድ መልምለው ብሎህ አልነበር?» አለች የሟች ሚስት ደን ጠባቂውን። «ባሌን የበላኸው አንተ ነህ።»

«ነገ ዛሬ ስል ነው፣ እትዬ።» ጠባቂው ቆቡን በእጁ ይጨምቃል። ልጆቹን ጥሎ እስር ቤት መግባቱ ከወዲሁ ታይቶታል።

ታናሽየው አቀረቀረ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ጠባቂው ይድናል።

መርማሪዋ ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ናት። እያቃሰተች ተንበርክካ ቅርንጫፉን ቀና አደረገችና ከእሱም ከሟችም ሥር ያለውን ሣር አየች።

«ማታ የት ነበርክ?» አለችው ታናሽየውን።

«ቤቴ ተኝቼ። ጋሼ ብቻውን ነው የወጣው።»

«እጅህ ላይ ሙጫ አለ።»

«እንደ ጋሼ ግንድ ጎታች ነኝ፣ እሜቴ። ሙጫ ያልነካው ግንድ ጎታች፣ ዱቄት የሌለው ወፍጮ ቤት ማለት ነው።»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ከዚያ ከጥዱ ጀርባ ዞረች፤ አንድ የጃርት ጉድጓድ አፍ ላይ ያለውን ሣር ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየች። ስትመለስ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ከሟች ሥር ያለው ሣር አረንጓዴ ነው። የወደቀው አመዳዩ ሳይጥል፣ ሲመሽ ነው ማለት ነው። ከቅርንጫፉ ሥር ግን አመዳይ ተጨፍልቋል። ቅርንጫፉ የመጣው ጠዋት ነው።»

«ከየት?» አለች ሚስት።

«ከጥዱ ጀርባ። ቅርንጫፉ ቀድሞ ወድቆ ሌሊቱን የተኛበት ቦታ አመዳይ የለውም፤ ልክ ቅርንጫፉን ያህላል። አሁን ደግሞ ወፍራሙን ጫፍ እዩት፤ ወደ መንገድ ዞሯል። ፈረስ የሚጎትትበት ገመድ የሚታሰረው በዚያ በኩል ነው። እንጨት ሲያስቀምጥ ሳያስበው እንዲህ የሚያዞር ግንድ ጎታች ብቻ ነው። ከሁለቱ ጎታቾች አንደኛው ሞቷል።»

ጠባቂው ቆቡን መጭመቁን ተወ።

«ጋሼ ፈረሳችንን ሸጥኩት አለኝ» አለ ታናሽየው። «ከውርንጭላነቱ ያሳደግኩትን። ገፋሁት፤ ድንጋዩ መታው። ሸሸሁ። ግን ወዲያው ነው የሞተው፣ እሜቴ። ብቆይም አላድነውም ነበር።»

ሌሊቱን ያሳለፈው ይህችን አንዲት ማጽናኛ ታቅፎ ነበር።

«ጃርት ያለበት ጉድጓድ አፉ ላይ አመዳይ የሚወፍረው ለምንድን ነው?» አለችው።

«የጃርቱ ትንፋሽ ነው» አለ።

መርማሪዋ በጣቷ ወደ መሬት አመለከተች። በጫካው ሁሉ አመዳዩ ዱቄት እንደተነፋበት ስስ ነው። ከሟች አፍ ፊት ባለው ሣር ላይ ግን ጥፍር ያህል ወፍሯል።