ያልደረቀው ግድግዳ

በዝግባ ሜዳ የክረምት ጠዋት የሚጀምረው በጭቃ ነበር። በጎ ፈቃደኞቹ ከድንኳናቸው ወጥተው፣ ከበርሜል በተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ፊታቸውን ታጥበው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ይሰበስቡና ጭድ የተነሰነሰበት ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ጭቃው እንደ ሊጥ እስኪለሰልስ ድረስ እየተሳሳቁ ይረግጡታል። ትሁት ይህን ሰዓት ትወደዋለች። ያሳደገቻት አክስቷ ከሞተች ወዲህ ሰው መሃል ቆማ የሳቀችው እዚህ ነው። ያመጣት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ያብስራ ነበር፤ የቡድኑ አስተባባሪ እሱ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን እሱ ብቻ እየተመላለሰ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር።

"ብቻሽን ከምትቆዝሚ ለሰው ቤት ሥሪ፤ ይቀልሻል" አላት። እውነትም ቀለላት።

ቤቱ የሚሠራው ለእማማ አስካለ ነው፤ ዝናብ ጎጇቸውን አፍርሶባቸው በሰው ጓሮ፣ በላስቲክ ዳስ ሥር የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። መሬቱ ጥቁርና ተንሸራታች ስለሆነ በዚያ አገር ቤት አይበረክትም። ከዳገቱ በታች ያሉት፣ ያብስራ ባለፉት ክረምቶች ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር ያቆማቸው ቤቶች ግን አንድ ስንጥቅ እንኳ ሳይወጣባቸው፣ ቆርቆሯቸው እያብለጨለጨ ቆመዋል። የመንደሩ ሰው ያብስራን ሲያይ ከመቀመጫው ይነሳል።

ትሁት እንድትመርገው የተሰጣት በስተምሥራቅ ያለው ማዕዘን ነበር። "ይቺ ያንቺ ናት" አላት ያብስራ፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው ፈገግ ብሎ። ሌላው ግድግዳ ከሰዓት በኋላ በምትወጣው ፀሐይ እየነጣና እየተሰነጣጠቀ ሲደርቅ የእሷ ማዕዘን ግን ጥቁርና እርጥብ እንደሆነ ይውላል። ጭድ ብትጨምርበት፣ ምርጉን ብታሳሳው፣ ለውጥ የለም። መዳፏን ስታሳርፍበት ሙቀት አለው። ሽታውም የጭቃ አይደለም፤ ሰው ሲተኛበት አድሮ አሁን ከተነሳበት ብርድ ልብስ ውስጥ የሚወጣ ዓይነት፣ ለብ ያለ፣ ትንፋሽ ትንፋሽ የሚል ነው። ሌሎቹ ሊያግዟት ሲመጡ ያብስራ ይከለክላቸዋል።

"ተዉላት፣ እሷ ትጨርሰው።"

የመንደሩ ሰዎች ደጅ ላይ ሲያገኟት በስሟ ይጠሯታል፤ ገና ደፉን አልፋ ወደ ውስጥ ስትገባ ግን ዝም ይላሉ። የሚፈልጋት ሰው ካለ በሩ ላይ ያለውን ምሰሶ በዱላው መታ መታ አድርጎ እስክትወጣ ይጠብቃል። አንድ ቀን ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ፣ ሳቂታዋ ሊዲያ፣ ከውጭ ሆና "ትሁት" ብላ ጠራቻት። ትሁት አፏ ምስማር እንደያዘ መልስ ሳትሰጥ ብቅ ስትል ያብስራ የሊዲያን አፍ በእጁ አፍኖ አገኘችው። የሊዲያ ከንፈር ደምቷል።

"ሥራ ላይ ስም አትጥሩ፤ ሰው ይደነግጣል፣ ከመሰላል ይወድቃል" አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ወንፊት ለመዋስ ከዳገቱ በታች ያብስራ ካቆማቸው ቤቶች ዳር ላይ ወዳለው ወረደች። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የሚባሉት የቤቱ እመቤት ማዕድ ሊያቀርቡ ነበር። ከማንም በፊት አንድ ሳህን አንስተው ጥግ ካለው ግድግዳ ሥር አስቀመጡ፤ ከዚያ ደጅ ወጡና ፊታቸውን ወደ ቤቱ መልሰው፣ የሚያሳድጉትን ልጅ እንደሚጠሩ ሁሉ ለስለስ ባለ ድምፅ "ቢኒያም" አሉ። ልጆቻቸው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው ቢኒያም የሚባል የለም። ከግድግዳው ውስጥ፣ በጭቃና በጭድ ታፍኖ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ "አቤት" የሚል ድምፅ ተሰማ። ያን ጊዜ ልጆቹ መብላት ጀመሩ።

ትሁት ድምፁን ታውቀዋለች። ቢኒያም በዩኒቨርሲቲ ከእሷና ከያብስራ ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ ሲናገር ትንሽ የሚያንተባትበው፣ እናት አባት የሌለው ልጅ ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ አረብ አገር ሄደ ብሎ የነገራቸው ያብስራ ነው። ደህና ገብቷል፣ ሰላም ብሏችኋል እያለም ሰላምታውን ያደርስላቸው ነበር።

ወንፊቱን ሳትይዝ ዳገቱን ወጣች። ሌሎቹ ለምሳ ወደ ድንኳኑ ሄደዋል፤ ያብስራ ብቻ በአዲሱ ቤት ውስጥ መሰላል ላይ ቆሞ ማገር ይመታል። ካፊያው ቆርቆሮውን በስሱ ይነካካዋል። እግሯ ደፉን አላልፍ አላት፤ በሩ ላይ ቆመች።

"ቢኒያም አረብ አገር አልሄደም" አለችው።

መዶሻው ቆመ። ያብስራ ቀስ ብሎ ወረደና መሰላሉን ተደገፈ። አልካደም። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"መጀመሪያ የሠራነው ቤት በነዋሪዎቹ ላይ ፈረሰ። ሕፃናት ነበሩበት፤ በእጄ ነው ቆፍሬ ያወጣኋቸው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ነገሩኝ። ይሄ መሬት ቤት የሚያቆመው ሰው ሲይዝ ነው። ከውጭ በስሙ ይጠራል፣ ከውስጥ አቤት ይላል፤ በቃ፣ ይሄው ነው። አይሞትም እኮ። ግድግዳው ውስጥ ይቀራል እንጂ።"

"ለምን እኔን?"

"የሚፈልገኝ ሰው የለም ብለሽኝ ነበር" አለ።

ብላው ነበር። በለቅሶው ሰሞን፣ ትከሻው ላይ ተደግፋ፣ ለሌላ ለማንም ያልተናገረችውን ለእሱ ነግራዋለች። እሱም ፀጉሯን እየዳሰሰ በጥሞና ሰምቷታል። ያን ጊዜ የሚያጽናናት መስሏት ነበር።

"የሚጠሩኝ መቼ ነበር?"

"ዛሬ። እማማ ምሳ ሲያመጡ።"

ዘወር ስትል እማማ አስካለ የተከደነ ሳህን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጭቃው እንዳያዳልጣቸው እየተጠነቀቁ ዳገቱን ሲወጡ አየች። ትናንት በጭቃው የቆሰለ እጇን በቅቤ አሽተው ያከሙላት ሴት ናቸው። ሲያዩዋት ፈገግ አሉ።

"ሂጂ" አለ ያብስራ በሹክሹክታ። "መንገዱ ላይ መኪና አታጪም። እማማን እኔ አስረዳቸዋለሁ። ለዚህኛው ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።" ይህን ብሎ ወደ ድንኳኑ ተመለከተ፤ ሊዲያ በአንድ ነገር ስቃ ድምፅዋ እስከዚህ ይሰማል። ከዚያ ነገሩ እንዳለቀለት ሁሉ ጀርባውን ሰጥቷት መሰላሉ ላይ ወጣና መዶሻውን አነሳ።

ትሁት ጀርባውን አየች። ድሮ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ ይዛለት ስትጠራው እንደነበረው፣ በቀስታና በፍቅር ጠራችው።

"ያብስራ።"

"አቤት" አለ፣ ዞር ሳይል።

መዶሻው ወደቀ። የቆርቆሮው ድምፅ ለአፍታ ጠፋ፤ የቤቱ ጨለማ እንደ ሰው ትንፋሽ ወደ ውስጥ ተሳበና ተመለሰ። ጨለማው ሲገለጥ መሰላሉ ባዶውን ቆሟል። የምሥራቁ ማዕዘን ከዳር ወደ መሃል እየነጣ፣ እየደረቀ ነበር፤ መጨረሻ ላይ በሰው አፍ ቁመት የቀረችው ትንሽ እርጥበት ሁለት ጊዜ ተከፍታ የተዘጋች መሰለች፤ ከዚያ እሷም ደረቀች።

እማማ አስካለ ደረሱ። ግድግዳውን አዩ፣ ትሁትን አዩ፤ አልደነገጡም። ጭቃ የነካውን ጉንጯን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላትና ትኩሱን ሳህን በእጇ አስያዟት።

"አንቺ ጥሪው የኔ ልጅ" አሉ፣ "ያንቺን ድምፅ ለምዶታል።"