የማር ነጋዴው እናት

ሾፌሩ ፍሬኑን ሲረግጥ መኪናዋ ተንሸራታ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆመች። ድልድዩ የለም! ጎርፍ ጠራርጎ ወስዶታል።

«ወይ ጉዴ!» አለ መሪውን በጥፊ እየመታ። «ዛሬን ብቻ ብትቆም ምን ነበረበት?» ይኼን የሚለው ለድልድዩ ነው።

አጠገቡ ያለችው ሳጥን ከአንድ ዳቦ አትበልጥም። በውስጧ ሌንሶች አሉ፤ ለዘመቻ የመጡ ሐኪሞች የዓይን ሞራ አውጥተው በቦታው የሚተኩት እነሱን ነው። በነጻ እናክማለን ማለታቸው ሲሰማ ሕዝቡ ከየጎጡ ተመመና ሌንሱ አለቀ። ሐኪሞቹ ደግሞ ነገ ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ እነሱም አያውቁም። ከጫካው ማዶ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ስንቱ ሽማግሌና አሮጊት በልጅ ተመርቶ መጥቶ ይቺን ሳጥን እየጠበቀ ነው።

ሾፌሩ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ እግረኛ አይደለም። ጎረቤት ለመሄድ እንኳ ሞተር የሚያስነሳ ሰው ነው። ግን ምን ያድርግ? ሳጥኗን በላስቲክ ጠቅልሎ ጀርባው ላይ አሰረና ወደ ጫካው ገባ።

ዝናቡ አልማረውም። ጭቃው አንድ ጫማውን ጎትቶ አስቀረበት። ቁልቁለቱን ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በመቀመጫው ወረደው። ቅርንጫፍ ይዞ ሲንጠለጠል ቅርንጫፉ ይገነጠላል፤ ድንጋይ ሲረግጥ ድንጋዩ ይንከባለላል።

ገደሉ ወገብ ላይ፣ መንገዱ ለአንድ ሰው እንኳ በማይበቃበት ቦታ፣ ነብር ጋደም ብሏል። ሾፌሩ ደርቆ ቀረ። ነብሩ ቀና አለና ጥርሱን አሳየው። ክላክስ ቢኖረው ይነፋ ነበር፤ ስለሌለው በአፉ ነፋ። «ጲጵ! ጲጲጲጵ!» ነብሩ እንዲህ ያለ ፍጥረት ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ በአንድ ዝላይ ቋጥኙን ወጥቶ ተሰወረ። ሾፌሩ እየሳቀ ቁጭ አለ።

ሳቁን ሳይጨርስ ቀዝቃዛ አፈሙዝ ማጅራቱን ነካው።

«ምንድን ነው ያዘልከው?» አለ ከኋላው የመጣ ሽፍታ።

«ዓይን።»

«ከእኔ ጋር ትቀልዳለህ?» ሽፍታው ገመዱን ሊበጥስ ጩቤ መዘዘ።

«በእናቴ ሞት! የዓይን ሌንስ ነው። እባክህ አትክፈተው፤ ቆሻሻ ከነካው ለማንም አይሆንም። ዓይናቸውን ሞራ የጋረደባቸው ሰዎች እየጠበቁ ነው።»

ጩቤው አየር ላይ ቆመ። «ሞራ... ይድናል እንዴ?»

«ትናንት የታከሙት ዛሬ እያዩ ነው።»

ሽፍታው በአፈሙዙ እየገፋ ወደ አንዲት ጎጆ ወሰደው። በሯ ላይ ብሌናቸው የነጣ አሮጊት ተቀምጠዋል። ሽፍታው ወደ ሾፌሩ ጆሮ ጠጋ አለ።

«እናቴ ናት። የማር ነጋዴ ነኝ ነው የምላት፤ አፍህን ጠብቅ። እኔ ሰው ፊት መቅረብ አልችልም። ውሰዳትና ስታይ መልስልኝ። አንዲት ነገር ብትሆን ግን ቤትህ ድረስ እመጣለሁ!»

ሾፌሩ ሳጥኗን አናቱ ላይ፣ እማማን ጀርባው ላይ አድርጎ ወንዙ ውስጥ ገባ።

«ምነው ልጄ ትንቀጠቀጣለህ? እግርህ ቀጭን ነው መሰለኝ» አሉ እማማ።

«ዝም ይበሉ እማማ፣ ውኃው ደረቴ ደርሷል!»

«እኔስ ቂጤ ርሶ የለ? መቼ ጮኽኩ?»

ደራሹ ጎርፍ ያመጣው ግንድ ጎኑን መታው። ወደቀ፤ ውኃ ጠጣ፤ በአንድ እጁ ሳጥኗን፣ በሌላው እማማን ጨብጦ እየተንገዳገደ ማዶ ወጣ።

«ልጄን አየኸው አይደል?» አሉ እማማ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ጢም ሳያበቅል ነው ዓይኔ የጠፋው። አሁን ምን ይመስላል?»

ሾፌሩ የሽፍታውን ዝናርና የፊቱን ጠባሳ አስታወሰ። «መልካም ሰው ነው እማማ» አለ። ሲለው አፈረ።

ግቢው ሲደርሱ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበላቸው። ሐኪሟ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው ሳጥኗን ነጥቃ ሮጠች። በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲፈታ ለቅሶውና ሳቁ ተደበላለቀ። እማማ ሾፌሩን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «አንተ ነህ የተሸከምከኝ? እንዲህ ሚጢጢ ሆነህ!» አሉት። ሾፌሩ ሳቀ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ዕድሜ ልኩን ዕቃ አድርሷል፤ ዕቃው ምን እንደሚሆን ቆሞ ያየው ግን ገና ዛሬ ነው።

ወዲያው ክው አለ። ሽፍታው እናቱ እንድታይ ፈለገ፤ እሱንም እንደምታየው ግን አላሰበም!

በሌላ ሰው ልኳቸው መገላገል ይችል ነበር። ልቡ እንቢ አለው። የተዋሰውን ጫማ አጠለቀና እማማን ይዞ በእግሩ ተመለሰ። ወንዙ ጎድሎ ጠበቃቸው። ጎጆዋ አጠገብ ሲደርሱ ሾፌሩ በኃይል ጮኸ፦ «እማማ አይተዋል! ሰማህ? ሁሉን ያያሉ!»

ሽፍታው ግን በደስታ ሰክሮ ከአንድ ቋጥኝ ኋላ ዘሎ ወጣ። የገባው ዓይኑ ከእናቱ ዓይን ጋር ሲጋጠም ነው። ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ጠብመንጃውን ወደ ጀርባው ደበቀ።

እማማ ጠባሳውን አዩ። ዝናሩን አዩ።

«ማር የሚቆረጠው በዚህ ነው?» አሉ።

ሽፍታው አንገቱን ደፋ። እማማ ቀርበው ጉንጩን ዳሰሱት።

«እንዴት ከስተሃል፣ የኔ ልጅ!» አሉና እንባቸው ወረደ። «በል ይኼን ብረት ጣለው። አብረን ወደ ከተማ እንወርዳለን።»

«ያስሩኛል እማዬ።»

«ቢያስሩህስ? መጥቼ አይሃለሁ።»

ሽፍታው ጠብመንጃውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠና የእናቱን እጅ ያዘ። ሾፌሩ ፊት ፊት እየሄደ መንገዱን አሳያቸው።