የአበባ ሻጯ የመጨረሻ ማስታወቂያ

ሬሳው የተገኘው ከነጭ ጽጌረዳዎቹ መካከል ነው።

የአበባ ሱቁ ማቀዝቀዣ ክፍል ከአንድ የጭነት መኪና ሆድ አይሰፋም። በግራና በቀኝ ባልዲዎች ተደርድረዋል። በመካከላቸው የሱቁ ባለቤት በግንባሯ ተደፍታለች፤ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ከኋላ ጭንቅላቷ የፈሰሰው ደም ረግቶ ጠቁሯል። ከጣሪያው ሥር ያለው ሞተር ምንም እንዳልተፈጠረ ያጉረመርማል። አበቦቹም ምንም እንዳልተፈጠረ ትኩስ ናቸው። መርማሪዋን ያስከፋት ይኼኛው ነበር።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባ አታሳልፍም ለማለት ነው። በፊቷ ግን እንዲህ ብሎ የደፈረ የለም።

ሐኪሙ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ። «በብረት ነው የተመታችው። ያ ጥግ ላይ ያለው የጉንጉን ማቆሚያ ይመስለኛል፤ ታጥቧል።»

«መቼ?»

«ብርዱ ሰዓቱን በልቶብኛል። ትናንት ከመሸ በኋላ ነው፤ ከዚያ አልፌ አልምልም።»

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«ታናሽ እህቷን ለምን አታመጫትም? ትናንት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። በመጨረሻ አብራት የነበረችው እሷ፣ ጠዋት በሩን የከፈተችው እሷ። የሟች ባልም ‹እሷ ናት› ብሎ ቃሉን ሰጥቷል።»

«ጎረቤት የሰማው ጭቅጭቅ ነው። ግድያ አልሰማም።»

«እስከ ቀትር ጠብቄሻለሁ። ከዚያ ሌላ ሰው ልኬ አስይዛታለሁ» አለና ዘጋባት።

ታናሽ እህትየው ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ተቀምጣለች። ጣቶቿ ግንድ በመቁረጥ ብዛት አረንጓዴ ሆነዋል። ዓይኗ ደረቅ ነው፤ ይህም አልበጃትም፤ ደጅ የቆሙት ፖሊሶች «እንባ እንኳ የላትም» እየተባባሉ ነበር።

«በምንድን ነው የተጣላችሁት?» አለቻት መርማሪዋ።

«በማስታወቂያው። በኢንተርኔቱ። ሰው ስልኩ ላይ ‹አበባ› ብሎ ሲፈልግ የኛ ሱቅ ከላይ ይወጣል። በተጫነው ቁጥር እንከፍላለን፤ ሰውየው ገዛ አልገዛ። ትናንት ከሰዓት እትዬ ተቀምጣ ግማሹን ዘጋችው። ከድልድዩ ወዲህ ላለ ሰው ብቻ እንዲታይ አደረገች። ‹ወዲያ ላለው አበባው እስኪደርስ ይጠወልጋል፤ ተመልሶ ለማይገዛኝ ሰው ለምን እከፍላለሁ› አለች። እኔ ደግሞ ‹ደንበኛ እንዴት በገዛ እጅ ይባረራል› ብዬ ጮኽኩባት። ልክ ነበረች እኮ። እልኸኛ ስለሆንኩ ነው።»

«ይህን የሚሠራላችሁ ባለሙያ የለም?»

«አለ እንጂ፤ ‹ጠቅታ› የሚሉት ሰውዬ። ግን እትዬ ቀስ እያለች ራሷ ለምዳው ነበር። እሱ አያውቅም። ትናንት ጭራሽ ከአካውንቱ አስወጣችው።»

«ለምን?»

«ጠየቅኳት። ‹መጀመሪያ እሱ ለኔ ይንገረኝ፤ ከዚያ እነግርሻለሁ› አለችኝ።» ልጅቷ አረንጓዴ ጣቶቿን አየች። «ይዛችሁኝ ልትሄዱ ነው አይደል?»

«እኔ ገና አልሄድኩም» አለች መርማሪዋ።

ባልየው ጓዳ ውስጥ፣ በሪባን ጥቅሎች መካከል ቆሞ ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ ጓዳው አልበቃውም።

«እሳትና ጭድ ነበሩ» አለ። «አንድ ቀን እንዲህ እንደሚሆን አውቅ ነበር።»

«እርስዎ ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ተኝቼ።»

«ባለቤትዎ ሳይመለሱ?»

«ሥራ ሲበዛ እዚሁ ታድር ነበር።»

«ተኝተው ያየዎት ሰው አለ?»

«ትራሴ።»

መርማሪዋ መልሱን ወደደችው፤ ሰውየውን ግን አልወደደችውም። እነዚህን ሁለቱን እንዳታምታታ ለራሷ ነገረች።

በዚህ መካከል የፊት ለፊቱ መስታወት ተደበደበ። ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ከፖሊሶቹ ጋር ይታገላል።

«ጉንጉኔን ስጡኝ! አባቴ ሊቀበር ነው፤ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው!»

ታናሽ እህትየው ደንግጣ ተነሣች። «የኔ ወንድም፣ እኛ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ አልተቀበልንም።»

«እንዴት አልተቀበላችሁም? ትናንት ጠዋት ማስታወቂያችሁን ተጭኜ ደወልኩ፤ አንዲት ሴት ‹ቤትዎ ድረስ እናመጣለን› አለችኝ። ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። በሱቃችሁ ስም ጠይቄ መጣሁ።» ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን አሳየ።

«ይህ የኛ ቁጥር አይደለም» አለች ልጅቷ።

«የደወሉት የት ሆነው ነው?» አለችው መርማሪዋ።

«ከቤቴ ነዋ፤ ከድልድዩ ወዲያ።»

ልጅቷ ተዘጋጅተው ከቆሙት አንድ ጉንጉን አውጥታ አስታቀፈችው። መርማሪዋ ቁጥሩን ደወለች። ለስላሳ የሴት ድምፅ የሌላ አበባ ቤት ስም ጠርቶ «ምን ልታዘዝ?» አላት። ምንም አላዘዘችም። አንድ ፖሊስ ጠርታ የቁጥሩን ባለቤት እንዲያጣራ በጆሮው ነገረችውና ላከችው።

የማስታወቂያው ባለሙያ ሳይጠራ መጣ። ላፕቶፑን ትከሻው ላይ አንግቷል፤ ጥቁር ሸሚዙ ገና የተተኮሰ ነው። «እያንዳንዷ ጠቅታ ደንበኛ ናት» ማለት ስለሚያበዛ ነጋዴው ሁሉ «ጠቅታ» ይለዋል። ባልየውን አቅፎ አጽናና፤ ለታናሽ እህትየው ግን ከሩቅ አንገቱን ነቀነቀላት።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ፤ ከድልድዩ ወዲያ፣ ዳገቱ ላይ። ማስረጃ ከፈለግሽ ስልኳ ላይ አለልሽ። ማታ ማታ እንደ ደንበኛ ሆኜ ‹አበባ› ብዬ እፈልጋለሁ፤ ማስታወቂያዋ ከላይ መውጣቱን የስልኬን ገጽ ፎቶ አንሥቼ እልክላታለሁ። ትናንትም ልኬያለሁ። ገዳይ ለገደላት ሰው ሪፖርት ይልካል እንዴ፣ እህቴ?»

«እህትህ አይደለሁም። ፎቶውን ያነሣኸው ቤትህ ሆነህ ነው?»

«ሶፋዬ ላይ፤ ጫማዬን አውልቄ።»

«ከአካውንቷ እንዳስወጣችህስ?»

ዓይኑ አንዴ ተርገበገበ። «አልሰማሁም። ቢሆንም ፎቶውን ለማንሣት መግባት አያስፈልግም፤ ማንም ሰው መፈለግ ይችላል።»

«እውነትህን ነው» አለች መርማሪዋ። «ማንም ሰው ይችላል።»

ከሟች ሽርጥ ኪስ የተገኘውን ስልክ ከፈተች። ፎቶው አለ፤ የሱቁ ማስታወቂያ ከሁሉ በላይ ተቀምጧል። ከሥሩ «እንደ ወትሮው አንደኛ ነን፤ ደህና እደሪ» ይላል። መርማሪዋ ክፍሉ የቀዘቀዘ መሰላት። ለማንም ሳትናገር ወጥታ መኪናዋን አስነሣች፤ ድልድዩንም ተሻገረች።

ስትመለስ ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ምንም አልቀራትም። የአለቃዋ መኪና ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ውስጡ ካቴና የያዘ ሰው አለ። ሬሳው ተነሥቷል፤ የማቀዝቀዣው በር ግን ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ብርዱ በወለሉ ላይ እየተሳበ እግራቸውን ይነካል። ሁሉንም፣ አለቃዋን ጭምር፣ እዚያው በሩ ፊት አቆመቻቸው።

«ስልክ ያላችሁ አውጡና ‹አበባ› ብላችሁ ፈልጉ።»

ፈለጉ። የሱቁ ማስታወቂያ በየስልኩ ላይ አንደኛ ሆኖ ወጣ።

«እንዳትጫኑት! ያስከፍላል!» አለች ታናሽ እህትየው ሳታስበው። ባልየው ሣቅ አመለጠውና አፉን በእጁ ያዘ።

መርማሪዋ ቀድማ ለላከችው ፖሊስ ደውላ ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

«የት ነህ?»

«ዳገቱ ላይ፣ የባለሙያው ቤት በር ላይ።»

«ምን ይታይሃል?»

«ደጋግሜ ፈልጌያለሁ። የሌሎች ሱቆች ይወጣሉ፤ የነሱ የለም።»

«እኔም እዚያው ቆሜ ያየሁት ይህንኑ ነው» አለች ወደ ባለሙያው ዞራ። «ትናንት ከሰዓት ሟች ማስታወቂያዋን ከድልድዩ ወዲያ ዘጋችው። አንተ ይህን አታውቅም፤ ከአካውንቱ ወጥተሃል፤ ራሷ መሥራት መቻሏንም አልጠረጠርክም። ሶፋህ ላይ ብትሆን ኖሮ ስትፈልግ ታጣው ነበር። ብታጣው ደግሞ ‹ምን ሆነ?› ብለህ ትደውልላት ነበር። አንተ ግን ‹አንደኛ ነን› ብለህ ላክህላት። አንደኛ የሆነችው ከድልድዩ ወዲህ ብቻ ነው። ስለዚህ ከድልድዩ ወዲህ ነበርክ።»

«ምናልባት መንገድ ላይ...»

«ጫማህን አውልቀህ?»

ባለሙያው ጫማውን አየ።

«ለምን መጣህ? ስለጠራችህ ነው የመጣኸው። ከድልድዩ ወዲያ በሚታየው ማስታወቂያዋ ላይ የሚስትህን ቁጥር አስገብተህ ነበር፤ ሰው ተጭኖ ሲደውል የሚያነሣው የሚስትህ አበባ ቤት ነው። ከፋይዋ እሷ፣ ሻጯ ሚስትህ። ዛሬ ጠዋት ጉንጉኑን ያጣው ሰው ቁጥሩን አሳይቶኛል፤ የላክሁት ፖሊስም ቁጥሩን ተከትሎ ሚስትህ ጋ ደርሷል።»

«ሚስትየው እዚሁ አጠገቤ ናቸው» አለ የፖሊሱ ድምፅ ከስልኩ። «ማታ አምሽቶ ነው የገባው፤ ሸሚዙንም ራሱ አጠበ ይላሉ። ‹ምን ነካው ብዬ ገረመኝ› ይላሉ።»

ባለሙያው ላፕቶፑን ከትከሻው አውርዶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ እንደሚሰበር ነገር በቀስታ።

«አልጮኸችም እኮ» አለ። «ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ‹ነገ ለምትሠራላቸው ነጋዴዎች ሁሉ እነግራለሁ› አለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ አበባዋን ማጠጣት ጀመረች። ይህን ሙያ ከጀመርኩ ጀምሮ በእጄ የያዝኳቸው ደንበኞች ናቸው። ሁሉም ሊጥሉኝ ነው አልኩ። ብረቱ እጄ ውስጥ እንዴት እንደገባ...»

«እሱን ለዳኛ ትነግረዋለህ።»

ካቴናው ለሌላ እጅ ታስቦ መጥቶ ነበር፤ ባለሙያው እጅ ላይ ገባ። አለቃው ወደ መኪናው ተመለሰ። መርማሪዋም ይቅርታ አልጠበቀችም።

ታናሽ እህትየው ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ባልየው ቀስ ብሎ ቀረባት፤ ግዙፍ እጁን ትከሻዋ ላይ ሊያኖር ዘረጋ።

«እንግዲህ... አንቺ ልጅ... ያን ጊዜ ራሴን ስቼ ነው።»

«ጋሼ» አለችው፤ ድምፅዋ ከክፍሉ የባሰ ቀዝቃዛ ነበር፤ «ለፖሊሶቹ የተናገርከውን ሰምቻለሁ። በሩ ክፍት ነበር።»

«ሐዘን ነው እኮ...»

«የኔስ?»

የሱቁን ቁልፍ ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ሱቁን አንተ ክፈተው። እህቴን እኔ እቀብራታለሁ።»

ከማቀዝቀዣው ክፍል ጉንጉን የምትሠራበትን ነጭ አበባ በሁለት እጇ አቅፋ ወጣች። ደጅ የቆሙት ፖሊሶች መንገድ ለቀቁላት። አንዱ ሊያግዛት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም፤ ፊቷ እስኪሸፈን ድረስ አበባውን ከፍ አድርጋ አቅፋ፣ ሬሳው ወደተወሰደበት ወደ ሆስፒታሉ መንገድ ሄደች።